ከንፋስ ስልክ እስከ ሶዶ፦ ሬድዮ ዝም የሚልበት ደቂቃ

መነሻ

ሐሙስ ጠዋት፣ ጤዛው ከመኪናዬ ሸራ ላይ ሳይደርቅ፣ ከንፋስ ስልክ ተነሳን። ኤንትሬ የጭነት መኪናዬ ላይ ያለው ትልልቅ ባትሪ፣ በጀሪካን አሲድ፣ ሁለት በርሜል ናፍታና ጥቅል ጥቅል ሽቦ ነው። ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ይልማ የሚባል የሬድዮ ቴክኒሻን ተቀምጧል። ወረቀት ላይ «ጓድ ይልማ» ነው። ቃሊቲን ሳናልፍ ግን እኔን «ጋሽ በየነ» ማለት ስለጀመረ እኔም ጓድነቱን ከላዩ ላይ አወረድኩለት።

የጉዞው ዓላማ ይህ ነው። ጦርነት ወይም ሌላ አደጋ ቢመጣ ሕዝቡ በሬድዮ ቶሎ እንዲነገረው ተብሎ አንድ የማስጠንቀቂያ ዘዴ ተዘርግቷል፤ እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሊሞከር ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ጣቢያ ምልክት ሲሰጥ በየኮረብታው ያሉት ማሠራጫዎች ተቀብለው ለየአገሩ ማስተላለፍ አለባቸው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በባትሪ። እኔ የምገባው እዚህች «በባትሪ» የምትለዋ ላይ ነው። የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ባትሪ ነበረ፤ በወረቀት። እኔ ጋ ግን አልጋ ሥር ነበረ። በቀበሌ ውይይት ላይ «በዝባዥ ነጋዴ» ሲባል ወደ እኔ ይዞሩ የነበሩ ሰዎች መጥተው በሬን አንኳኩና «ወገናችን» አሉኝ። ከበዝባዥነት ወደ ወገንነት እንዲህ በቀላሉ እንደሚሻገሩ አላውቅም ነበር።

ለመንግሥት የተነገረው ምክንያት ይህ ነው። የእኔ ምክንያት ግን ሶዶ ነው ያለችው። ባለቤቴ ማርታ፣ እናቷ ታመው ልታስታምም የሄደችው ክረምቱ ሳይገባ ነበር። «አንድ ወር» ብላ ነው የወጣችው። ክረምቱ አለፈ፤ መስቀል አለፈ፤ ሀና ማርያም ያሉት ገበሬ ደንበኞቼ ጤፋቸውን አጭደው ከመሩ። እሷ አልመጣችም። ሥራው እስከ ሻሸመኔ ነው ሲሉኝ «ሶዶ የማነሳው ዕቃ አለኝ» ብዬ የይለፍ ወረቀቱ ላይ ሶዶን አስጨመርኩ። ዕቃው ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። የጋቢናውን ወንበር ግን አዲስ ጨርቅ አልብሼው ነበር።

ስለ ማርታ አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ማርታ ጴንጤ ናት። ያን ጊዜ የእነሱ ጸሎት ቤት ታሽጎ፣ ተሰብስቦ መዘመር የሚያሳስርበት ዘመን ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከደቡብ የመጡ አራት አምስት ሴቶች ጥልፍ የሚማሩ መስለው ሳሎናችን ይገባሉ። እኔ ትልቁን ሬድዮ መስኮት ላይ አስቀምጬ እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። የእሁድ ጠዋት ሙዚቃ መንገዱን ሲሞላው እነሱ ከሥሩ ይዘምራሉ፤ እኔ በር ላይ መኪና አጥባለሁ። በሰፈራችን እንደ እኔ ንጹሕ ኤንትሬ ያለው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ብስራተ ገብርኤልን በዓመት ሁለቴ የምሳለም ሰው ነኝ፤ የእነሱ ዝማሬ ሥራዬ አይደለም እል ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ሳክስፎንና ከበሮ ሥር የማርታን ድምፅ ለይቼ መስማት ለምጄ ነበር። ስትሄድ ሬድዮውን ከአንድ ካርቶን የባትሪ ድንጋይ ጋር ሰጠኋት። እንዲህ አድርጎ የመንግሥት ሬድዮ፣ ራሱ ሳያውቀው፣ ሶዶም ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። የእኔ ቤት ደግሞ ዝም አለ።

ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራር፣ አቧራ፣ አህያ፣ እንደገና ግራር። መቂ ላይ ሴቶች ሽንኩርትና ቲማቲም በሳህን ደርድረው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ሽንኩርት ገዛሁ። ማርታ ከመቂ ሽንኩርት ሌላ ወጥ ውስጥ የሚገባ ሽንኩርት ያለ አይመስላትም።

ዝዋይ ስንደርስ ሐይቁ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል። አንዲት ቤት ገብተን አሳ ጥብስ አዘዝን፤ በሁለት ብር ከሳህኑ ጭራው የሚተርፍ አሳ ይመጣል። ይልማ ግን አልነካውም።

«ሰውዬው አይበላም እንዴ?» አለችኝ አሳ የምትጠብሰው ሴትዮ።

«ሆዱን እሁድ ይዞታል» አልኳት።

«ገና ሐሙስ እኮ ነው!»

«እሱ አስቀድሞ ነው የሚያመው፤ የተማረ ነው።»

ይልማ ሳይወድ ሳቀ። እንደገና መንገድ ስንገባ ነገሩን አወጣው። አንድ ጣቢያ ምልክቱን ሳይቀበል ቢቀር «ለምን?» የሚል ጥያቄ ከላይ ይመጣል። «ጥያቄውስ ምንም አይደለም፣ ጋሽ በየነ» አለኝ፤ «መልሱን የሚቀበሉበት ክፍል ወንበር የለውም።»

የመጀመሪያው ጣቢያ ከዝዋይ ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ምሰሶ፣ ሁለት ክፍል። የባትሪው ክፍል ሲከፈት ዶሮዎች ወጡብን። ጠባቂው አላፈረም። «ክፍሉ ባዶ ሲሆን በጀቱን ይቀንሱብናል፤ ስለዚህ በአንድ ነገር መያዝ ነበረበት» አለን። ሐሳቡን እንደ ነጋዴ አደነቅሁለት። ዶሮዎቹን ወደ ጓሮ አዛውረን፣ ኩሳቸውን ጠርገን፣ ባትሪውን ደርድረን፣ አሲድ እየሞላን አመሸን። እራታችን እንቁላል ነበር።

ኮረብታው ላይ

ሁለተኛውና ዋነኛው ጣቢያ ሻሸመኔን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። ዓርብ ማታ ደረስን። ቅዳሜ ሽቦውን ስንዘረጋ ዋልን፤ ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረና «ልምምድ!» አለ።

ይልማ የአዲስ አበባን ቦታ ይዞ ቆመ። እጁን አነሳ፤ ሁሉም ዝም አለ። ጠበቅሁ። ምንም የለም።

«ምን ተበላሸ?» አልኩ።

«ሽ! ምንም አልተበላሸም። ዝምታው ነው።»

«የምን ዝምታ?»

«አዲስ አበባ መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ይላል። ምልክቱ እሱ ነው። በዚያች ደቂቃ እዚህ ያለው ሰው ከመብራት ወደ ባትሪ ያዞራል። ከዚያ ፉጨቱ ይመጣል፤ ከፉጨቱ በኋላ ማስታወቂያው።»

«ሕዝቡስ አይነገረውም?»

ኃላፊው ከጋቢው ውስጥ መለሰልኝ። «ቀድሞ የሚያውቅ ሕዝብ አይፈተንም ተብሏል።»

«ዝም የሚለው ሁሉም ሬድዮ ነው? ሶዶም?»

«ሬድዮ ባለበት ሁሉ» አለ ይልማ። ከዚያ አየኝ። «ምነው ጋሽ በየነ፣ ፊትዎ አመድ መሰለ?»

«አሲዱ ነው» አልኩና ወጣሁ።

ውጭ አንድ በርሜል ላይ ተቀመጥኩ። የማርታ እናት ቤት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ምሰሶ አለ፤ ምሰሶው ላይ ሬድዮውን ለመንደሩ ሁሉ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ማርታ ከሶዶ በመጣ ሰው አፍ ልካልኝ ነበር፦ «ከንፋስ ስልክ ይልቅ እዚህ ይሻላል፤ ሬድዮህን ከውስጥ፣ የቀበሌው ከውጭ፣ እሁድ አራት ሰዓት ላይ እንደልባችን ነን።» ነገ እሁድ ነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ ማጉያውም ሬድዮውም በአንዴ ዝም ይላሉ። ሲዘምሩ ደግሞ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ቶሎ አይነቁም። አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ በቀበሌው ጆሮ ሥር፣ የሴቶቹ ድምፅ ብቻውን ይቀራል። የምሄደው ማርታን ወደ ቤቷ ልመልስ ነበር፤ አሁን ግን እስር ቤት ሳትገባ ልደርስባት ነው።

ስልክ እንዳልደውል እነ ማርታ ቤት ስልክ የለም። በፖስታ ቤቱ በኩል «ነገ አትዘምሩ በሏት» ማለት በማጉያው ከመናገር አይለይም። ለይልማ እንዳልነግረው፣ ደግ ልጅ ነው፤ ግን ወንበር የሌለው ክፍል ውስጥ ቢጠይቁት የማያውቀውን አይናገርም፤ ስለዚህ ባያውቅ ይሻለዋል። ሌሊት እንዳልነዳ ሰዓት እላፊ ነው፤ ኬላው ሲነጋ ነው የሚከፈተው።

ማታ አንድ ሙከራ አደረግሁ። «በዚያች ደቂቃ ትንሽ ሙዚቃ ብታስገቡባትስ? ሰውም አይደነግጥ።»

«ከላይ የመጣ ዝምታ ነው፣ ጋሽ በየነ» አለ ይልማ። «እኔ እንኳን ሙዚቃ፣ ሳል ልጨምርበት አልችልም።»

እሁድ ጠዋት፤ ኬላ

ሲነጋ ገመዱ ፊት የመጀመሪያው መኪና እኔ ነበርኩ። ይልማ ጣቢያው ቀርቷል። የኬላው ጠባቂ ወረቀቴን ወደ ፀሐይ አዙሮ አነበበ።

«እሁድ መኪና የምትነዳው በማን ፈቃድ ነው?»

«በያዝከው ወረቀት ፈቃድ።»

«የማስጠንቀቂያ ሙከራ ይላል። የምን ማስጠንቀቂያ?»

«አላውቅም።»

«የማታውቀውን ነው የምታስጠነቅቀው?»

አሲዱን አሸተተ፤ የተረፈውን ሽቦ ሲያይ ሌላ ጠባቂ ጠራ። ሁለቱ ሆነው ጥቅሉን በሙሉ አስወረዱኝ። አንዱ ፈንጂ ነው ይላል፣ ሌላው የልብስ ማስጫ ነው ይላል። ሁለቱን ለማስታረቅ አለቃቸው ከመኝታው እስኪነሳ መጠበቅ ነበረብኝ። አለቅየው መጥቶ ማኅተሙን አየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሬድዮው ድንጋይ እንዳለኝ ጠየቀ። መጀመሪያ እሱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ! ድንጋዩን ሰጥቼው፣ ሽቦዬን መልሼ ጭኜ ስነሳ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች።

ሐላባ ላይ ረጃጅም የሣር ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች በርበሬ አስጥተው መሬቱ ቀልቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ ዋጋ እጠይቅ ነበር፤ በርበሬ አይቶ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ነጋዴ ወይ ታሟል ወይ አፍቅሯል። ኮረኮንቹ መኪናውን ይንጠዋል። ቀስ በቀስ እንሰቱ መጣ፤ ከየሣር ቤቱ ጀርባ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። አፈሩ ቀይ፣ ሰማዩ ቅርብ። ማርታ እንዲህ ያለውን አገር ስታወራልኝ ታጋንናለች እል ነበር።

ሶዶ

ከተማው መግቢያ ላይ መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ። ሻይ ቤቶቹ ሁሉ ሬድዮ ከፍተዋል። ሙዚቃው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተቀባበለ ከመኪናዬ ጋር ይሄዳል። ሙዚቃው እስካለ ድረስ ደህና ነን፤ ሰዓቴን ማየት ትቼ ጆሮዬን ተከተልኩ። የቀበሌውን ምሰሶ ከሩቅ አየሁት። ከሥሩ አንድ የአብዮት ጥበቃ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በሙዚቃው ራሱን ይነቀንቃል። የማርታ እናት አጥር ከእሱ አንድ ቤት አልፎ ነው። መኪናዬን አስጠግቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ለመውረድ በሩን ይዤ ሳለሁ ዘፈኑ መሐሉ ላይ ተቆረጠ።

ከተማው ሁሉ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት ዶሮ፣ ባሕር ዛፍ ላይ ያለ ንፋስ፣ ሌላ ምንም። ከዚያ ከአጥሩ ውስጥ ድምፅ ወጣ። ብዙ ሴቶች ናቸው፤ እኔ የሰማሁት ግን አንዷን ነው። ሳክስፎን የለበትም፣ ከበሮ የለበትም፤ ብቻዋን፣ ትንሽ ሻከር ያለች፣ ወደ ላይ ስትወጣ የምትሰበር ድምፅ። ያን ሁሉ ዓመት ከሙዚቃ ሥር እየለቀምኩ የሰማኋት ድምፅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉዋን መጣችልኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል ምንም ሳላደርግ አዳመጥኳት። ይሄን አልደብቅም።

ጠባቂው ቀና ብሎ ማጉያውን አየ። ከዚያ አንገቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ክላክሱን ተጫንኩት።

የኤንትሬ ክላክስ ሁለት ጡሩምባ ነው፤ በሬ ከእርሻ ያስበረግጋል። በሙሉ ክንዴ ተደገፍኩበት። ውሾች ተነሱ፤ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ጠባቂው እየሮጠ መጥቶ በሩን ደበደበ። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ አይሰማም። ክላክሱ ተጣብቆ እንቢ እንዳለው ሰው፣ በአንድ እጄ ከመሪው ሥር ያለውን ሽቦ የምጎትት መሰልኩ፤ በሌላው ክርን ተጭኛለሁ። የማደንቀው ነገር ቢኖር የባትሪዬን ጥንካሬ ነው። በመጨረሻ ማጉያው ላይ ፉጨቱ መጣ፤ ክርኔን አነሳሁ። ከፉጨቱ በኋላ «ይህ የማስጠንቀቂያ ሙከራ ነው» የሚል ወፍራም ድምፅ ተከተለ።

ጠባቂው እኔንና ማጉያውን ተራ በተራ አየ። «ያንተም የሙከራው አካል ነው?»

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ ሲሰጠኝ ግን አልመለስኩም። የይለፍ ወረቀቴን አወጣሁለት። ኬላው ላይ ያሠቃየኝ «የማስጠንቀቂያ ሙከራ» የሚለው ቃል ከነማኅተሙ እዚያው ነበር።

«ቀድሞ ሊነገረን ይገባ ነበር!» አለ ቆጣ ብሎ።

«ቀድሞ የሚያውቅ ሕዝብ አይፈተንም፣ ጓድ።»

ሰላምታ ሰጠኝ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ግን ተመለሰ። «ከክላክሱ በፊት የሴት ዘፈን ሰማሁ ልበል?»

«ሬድዮው ይሆናላ።»

«ሬድዮው እኮ ዝም ብሎ ነበር።»

«እንግዲህ ዝም ካለ ሬድዮ ዘፈን የሰማኸው አንተ ነህ። ለበላይ እንዴት አድርገህ እንደምትነግራቸው አንተ ታውቃለህ።»

ጥቂት አሰበ። «ክላክሱ ነው» አለና ወደ ምሰሶው ሄደ።

ማርታ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ከስታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች፤ ከሩቅ አይለይም።

«ክላክሱን ገና ሲጀምር አውቄዋለሁ» አለችኝ። «ንፋስ ስልክ በር ላይ እየነፋህ ከስንት ጎረቤት ጋር አጣልተኸኛል!»

«ዛሬ ካስኩሽ?»

«ሬድዮው ዝም ሲል አልሰማንም ነበር፣ በዬ። ክላክሱ ነው ያነቃን።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ከዚያ ሁሉ አገር እኔን ልትሰማ መጥተህ፣ አንተው ራስህ ሸፈንከኝ።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ፣ ጥልፋቸውን እንደያዙ፣ በጓሮ ወጡ። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። በመንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ፤ «ሰው አስታማሚ እንቀጥራለን»፣ «እሳቸውንም ይዘናቸው እንሂድ» የሚል። የማርታ እናት አልጋው ላይ እንደ ሕፃን አንሰዋል። «ልጄ መጣህ?» አሉኝ፤ እጃቸው ግን የማርታን ቀሚስ ጫፍ ጨብጧል። ተኝተውም አይለቁትም አለችኝ። ንግግሬን ዋጥኩት።

ማታ ቆጮ በዳጣ በላን፤ ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ ጥሩ ምክንያት ሆነልኝ። እናትየው ሲያሸልቡ «የጠዋቷን መዝሙር ጨርሺልኝ» አልኳት።

«አሁን? ያለ ሬድዮ?» ወደ ቀበሌው በኩል አየች። «ቤታችን ስመጣ።»

«መቼ?»

ቀሚሷን የያዘውን እጅ አየች። እኔም አየሁት።

መልስ

ሰኞ ጠዋት ለወራት የሚበቃ ድንጋይ ተውኩላት፤ የመቂውንም ሽንኩርት። እሷ ዳጣና በቅጠል የተጠቀለለ ቂቤ ሰጠችኝ። ሻሸመኔ ላይ ይልማን ጫንኩት። ፊቱ በርቷል፤ ሁሉም ጣቢያ ምልክቱን ተቀብሎ አስተላልፏል።

«ከሶዶ ብቻ አንድ አስተያየት መጥቷል» አለኝ። «በሙከራው ላይ የተጨመረው የመኪና ክላክስ በጣም ጠቃሚ ስለሆነ በሌሎችም ከተሞች ይለመድ ይላል።»

«ሕዝቡ ነቅቷል ማለት ነው።»

በዓይኑ ጥግ አየኝ። ከዚያ የተቀመጠበትን በመዳፉ ዳሰሰ። «ወንበሩ አዲስ ነው።»

«ለሌላ ሰው ነበር።»

«መስሎኛል» አለ። ዝዋይ ስንደርስ የራሱን አሳ ጨርሶ የእኔን ጀመረ፤ ሴትዮዋ «ሆድየው ከእሁድ ተፋታ?» አለችው። እኔ አልራበኝም ነበር።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረህ ለሚለኝ፦ ስንት ዓመት የባትሪ ድንጋይ ስሸጥ ሰው የሚገዛኝ ሊሰማበት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እንዳይሰማበት የሚገዛም እንዳለ ከቤቴ አውቄያለሁ። ዝምታም እንደዚያው ነው። ኮረብታው ላይ ላሉት ምልክት ነበረ፣ ለእነ ማርታ አደጋ ነበረ፣ ለእኔ ደግሞ የአንድ ትንፋሽ ስጦታ ነበረ፤ አንዲቱ ደቂቃ።

ንፋስ ስልክ ስንደርስ ጀምበር ጥልቅ ልትል ነው። ይልማን መንገድ ላይ አወረድኩና ወደ ቤቴ ታጠፍኩ። በሩ ጋ እጄ በልማድ ክላክሱ ላይ አረፈ። አልነፋሁትም፤ ሰምታ የምትከፍትልኝ የለችም። ሞተሩን አጥፍቼ እዚያው ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩና ያቺ ዜማ የት ላይ ስትደርስ እንደቆረጥኳት ለማስታወስ ሞከርኩ። ወደ ላይ ልትወጣ ስትል ነበር። ከዚያ ወርጄ በሩን ራሴ ከፈትኩት።